ማወቅ ሌላ፣ ማስተማር ሌላ፦ የከሪም አብዱልጀባር ጉዞ ከተጫዋችነት ወደ አሰልጣኝነት



በአገራችን አንድ ሰው በሙያው አንቱ ከተባለ «እሱማ ቢያስተምረን የት ባደረሰን ነበር» ማለት የተለመደ ነው። ጎበዝ ሐኪም ጥሩ የሕክምና መምህር፣ ጎበዝ ነጋዴ ጥሩ የንግድ መካሪ፣ ጎበዝ ኳስ ተጫዋችም ጥሩ አሰልጣኝ የሚሆን ይመስለናል። ነገሩ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ዛሬ ታሪኩን የምናወሳው ሙስሊም ስፖርተኛ ይህን በራሱ ሕይወት አይቶታል። ኤን.ቢ.ኤ. በሚባለው የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ ከ38 ዓመታት በላይ በነጥብ ብዛት የሚስተካከለው ሰው አልተገኘም ነበር። ሆኖም የያዘውን ዕውቀት ለሌሎች ለማስተላለፍ ሲነሳ መጀመሪያ በሩን የከፈተለት ታላላቅ ቡድኖች ያሉበት ከተማ ሳይሆን አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ነበር። ይህ ሰው ከሪም አብዱልጀባር ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የኒውዮርኩ ልጅ

ከሪም ኤፕሪል 16 ቀን 1947 በኒውዮርክ ከተማ ሲወለድ የወጣለት ስም ፈርዲናንድ ሉዊስ አልሲንዶር ነበር። ለወላጆቹ አንድ ልጅ ነው። አባቱ የከተማው ባቡር ፖሊስና የጃዝ ሙዚቃ ተጫዋች ሲሆኑ፣ ቤተሰቡ የካቶሊክ እምነት ተከታይ ነበር። ልጁ ከእኩዮቹ ተለይቶ ገና በለጋ ዕድሜው ቁመቱ ተመዘዘ። ረጅም ልጅ ሁሉም ያየዋል፤ ሁሉም አስተያየት ይሰጥበታል። እሱም በዚህ የተነሳ ወደ መጽሐፍና ወደ ዝምታ አዘነበለ።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ ቡድኑ 71 ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸነፈ። ሆኖም ከእነዚያ ድሎች ሁሉ በላይ በልቡ የቀረችው አንዲት ቃል ናት። በ1964 በአንድ ጨዋታ የዕረፍት ሰዓት ላይ፣ የሚወደው አሰልጣኙ ሊያነሳሳው ፈልጎ በጥቁሮች ላይ የሚሰነዘረውን የስድብ ቃል ጠቅሶ እንደዚያ ዓይነት ሰው ሆነሃል አለው። ቡድኑ አሸነፈ፤ አሰልጣኙም ዘዴው የሠራለት መሰለው። የ16 ዓመቱ ልጅ ግን በዚያች ደቂቃ በመምህሩ ላይ የነበረው እምነት ተሰበረ። ቁስሉም ብዙ ዓመታት አልሻረም። አስተማሪ በአንድ ጨዋታ የሚያገኘው ውጤት ተማሪውን ሊያሳጣው እንደሚችል ከሪም ያወቀው ገና በልጅነቱ ነው።

ካልሲ ከማጥለቅ የጀመረ ትምህርት

በ1965 ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዶ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሌላ ዓይነት መምህር አገኘ። ጆን ውደን ቀድሞ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር የነበሩ፣ የማይሳደቡና እያንዳንዷን የልምምድ ደቂቃ በወረቀት ጽፈው የሚመጡ ሰው ነበሩ። ከመላ አገሪቱ የተመረጡት ወጣቶች በመጀመሪያው ቀን ከእኚህ ታላቅ አሰልጣኝ ረቂቅ ምስጢር ሲጠብቁ፣ እሳቸው ካልሲ እንዴት እንደሚጠለቅ አስተማሯቸው። ካልሲው ከተጨማደደ እግር ይቆስላል፤ እግሩ የቆሰለ ልምምድ ያቋርጣል፤ ልምምድ ያቋረጠም ጨዋታውን ያጣዋል የሚል ነበር ምክንያታቸው።

ይህን ሳነብ የልጅነት ኡስታዛችን ትዝ አሉኝ። ቁርኣን ቤት ስንገባ መጀመሪያ ያስያዙን አሊፍን አልነበረም። ለውሑን ማጠብ፣ ቀለሙን መበጥበጥ፣ ብርዑን መቅረጽ ነበር ያስተማሩን። ያን ጊዜ ጊዜያችንን የሚያባክኑብን ይመስለን ነበር። ዛሬ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ስቆም ግን ያስተማሩን ዕውቀትን ማክበር እንደነበር ይገባኛል።

ከሪም በሦስት ዓመታት ውስጥ ከቡድኑ ጋር 88 ጊዜ አሸንፎ የተሸነፈው 2 ጊዜ ብቻ ነው። በ1967፣ በ1968 እና በ1969 የአገሪቱን የዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮና አከታትለው ወሰዱ። ከመጀመሪያው ዋንጫ በኋላ ኳስን ከላይ በእጅ ቅርጫት ውስጥ መክተት፣ «ደንክ» የሚሉት፣ በዩኒቨርሲቲ ውድድሮች ታገደ። ብዙዎች እገዳው እሱን ለመግታት የወጣ ነው አሉ። እሱ ግን ሙግት ውስጥ ሳይገባ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይለማመደው የነበረውን ሌላ አመታት ማጥራት ያዘ። «ስካይ ሁክ» በሚል ስም የታወቀው ይህ አመታት እንዲህ ነው፦ ተጫዋቹ ለቅርጫቱ ጎኑን ይሰጣል፤ ሰውነቱ በተከላካዩና በኳሷ መካከል ይሆናል፤ አንድ ክንዱን እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ዘርግቶ ኳሷን ከከፍታው ጫፍ በአንጓው ይለቃታል። 2 ሜትር ከ18 ሳንቲ ሜትር ቁመት ባለው ሰው እጅ ይህን ኳስ ማገድ እጅግ አስቸጋሪ ሆነ።

ወደ ኢስላም

በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቱ የማልኮም ኤክስን የሕይወት ታሪክ አነበበ። መጽሐፉ ስለ ራሱ ማንነት እንዲጠይቅ አደረገው። አልሲንዶር የሚለው የቤተሰቡ ስም ቅድመ አያቶቹን በባርነት ከያዘ ፈረንሳዊ ባለ እርሻ የመጣ መሆኑን ተረዳ። በ1968 ለኦሎምፒክ ከመጫወት ራሱን አግልሎ በትምህርት ቤት ዕረፍት ወራት በኒውዮርክ መንደሮች ለልጆች ኳስ እያስተማረ፣ ትምህርታቸውን እንዳይጥሉ ይመክር ነበር። ሸሃዳ የያዘውም በዚሁ ጊዜ ነው። በ1971 ደግሞ ከሪም አብዱልጀባር የሚለውን ስሙን በይፋ አሳወቀ። ከሪም ቸርና ክቡር፣ አብዱልጀባርም የኃያሉ ጌታ ባሪያ ማለት ነው።

የኢማን መንገዱም ከፈተና አልጸዳም። በወቅቱ ይመራው በነበረ መምህር ተጽዕኖ ወላጆቹን ሠርጉ ላይ ሳያስገኛቸው ቀረ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ከሪም ራሱ ይህ ስሕተት እንደነበረ፣ ከእናትና ከአባቱ ጋር የተፈጠረውን ቅራኔ ለማስተካከልም ከአሥር ዓመት በላይ እንደፈጀበት ጽፏል። በ1973 ወደ ሊቢያና ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ተጉዞ ዐረብኛ መማር ጀመረ፤ ቁርኣንን በሌላ ሰው አንደበት ብቻ ሳይሆን በራሱ ዓይን ማንበብ ፈልጎ ነበር። አዲስ ወደ ዲን የሚመጡ ወጣቶችና የሚያስተምሯቸው ሰዎች ይህን ክፍል ደጋግመው ቢያስቡበት መልካም ነው። ወላጆቹ ክርስቲያን ቢሆኑም የወላጅነት ሐቃቸው ከእሱ ላይ የሚወርድ አልነበረም።

ሃያ የውድድር ዘመናት

በፕሮፌሽናል ደረጃ በ1969 በሚልዋኪ ባክስ ጀመረ፤ በ1971 ዋንጫ አነሳ። በ1975 ወደ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ተዛውሮ በ1980፣ በ1982፣ በ1985፣ በ1987 እና በ1988 አምስት ዋንጫዎች ጨመረ። ስድስት ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ኤፕሪል 5 ቀን 1984 የዊልት ቻምበርሌይንን 31,419 ነጥብ በዚያው ስካይ ሁክ አለፈ። በ1989 በ42 ዓመቱ ሲያቆም 1,560 ጨዋታዎች ተጫውቶ 38,387 ነጥብ አስቆጥሮ ነበር።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሁሉ ይልቅ ለእኔ ትምህርት የሆነኝ የ1985 የፍጻሜ ውድድር ነው። ሌከርስ በመጀመሪያው ጨዋታ በቦስተን ሴልቲክስ 148 ለ114 ተዋረደ። ከሪም 38 ዓመቱ ነው፤ «ይብቃው፣ አርጅቷል» ተባለ። በማግሥቱ የጨዋታውን ፊልም ለማየት ቡድኑ ሲሰበሰብ፣ ሁልጊዜ ከኋላ የሚቀመጠው ታላቁ ተጫዋች ፊት መጥቶ ተቀመጠ፤ አሰልጣኙ ስሕተቱን ሲዘረዝርም አንገቱን ሳይደፋ አዳመጠ። ለሁለተኛው ጨዋታ ደግሞ አባቱ በቡድኑ አውቶቡስ አብረውት እንዲሄዱ አስፈቀደ። በዚያ ቀን 30 ነጥብ አስቆጠረ፤ ከቅርጫት የተመለሱ 17 ኳሶች ያዘ። ቡድኑ ዋንጫውን ሲወስድ የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች እሱ ሆነ። ለሠርጉ ያልተጠሩት አባት በጭንቁ ቀን ከጎኑ ነበሩ።

ያልተከፈተው በር

ከሪም ከሜዳ ከወጣ በኋላ መጻሕፍት ጻፈ፤ በ1995 በቅርጫት ኳስ የዝነኞች መዝገብ ስሙ ሰፈረ። የሚመኘው ግን አሰልጣኝነትን ነበር። የጆን ውደን ተማሪ፣ የስድስት ዋንጫዎች ባለቤት፣ ለማገድ እጅግ የሚያስቸግር አመታት ባለሙያ ነው። ሆኖም ዋና አሰልጣኝ አድርጎ የሚቀጥረው የኤን.ቢ.ኤ. ቡድን አልተገኘም።

ለምን? አንዱ ምክንያት እሱ ራሱ በኋላ ያልሸሸገው ነው። በተጫዋችነት ዘመኑ ሰው አያስጠጋም ነበር። ጋዜጠኛ ሲቀርበው በአጭሩ መልሶ ይዘጋዋል፤ አድናቂ ሲመጣ ፊቱ አይፈታም። ከልጅነቱ ጀምሮ ሰው ሁሉ ሲያፈጥበት ስለኖረ፣ የሚጠጋው ሁሉ ሊቦጭቀው የመጣ ይመስለው ነበር። ዝምታው ትዕቢት ተብሎ ተተረጎመ። አሰልጣኝ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከወጣቶች፣ ከባለቤቶችና ከጋዜጠኞች ጋር የሚነጋገር ሰው ነው። ስለዚህ የቡድን ባለቤቶች ችሎታውን ሳይሆን ጠባዩን ተጠራጠሩ። በዚህ ፍርድ ውስጥ በደል አልነበረም አይባልም፤ ከእሱ ያነሰ የሚያውቁ ብዙዎች ሥራውን አግኝተዋልና። ከሪም ግን በሌሎች ላይ ከማማረር አልፎ የራሱን ድርሻ አየ። ለጥርጣሬው ዋጋ መክፈሉን አመነ።

የአንድ ዶላሩ ረዳት

ከሪም የአሜሪካን ምዕራብ ታሪክ፣ በተለይም የጥቁር ወታደሮችን ታሪክ የሚያጠና ሰው ነው። በዚህ ጥናት ሰበብ በአሪዞና ክፍለ ግዛት ከሚኖሩት የአሜሪካ ጥንተ ነዋሪዎች፣ ከኋይት ማውንቴን አፓቼ ሕዝብ ጋር ተዋወቀ። በ1998 እና 1999 የውድድር ወራት ኋይትሪቨር በተባለች ትንሽ ከተማቸው አልቼሴይ በሚባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ረዳት አሰልጣኝ ሆነ። ደመወዙ አንድ ዶላር ነበር። ዋናውም አይደለም፤ ከትምህርት ቤቱ አሰልጣኝ ሥር የሚሠራ ረዳት ነው። ዕድሜው 51 ነበር።

ልጆቹ ሩጫ ይወዳሉ። ኳስ ይዘው ይበራሉ፤ ከሩቅ ይወረውራሉ። እሱ ደግሞ የመጣው ቆም ብሎ ማሰብን፣ ቅርጫት ሥር ቦታ መያዝን፣ መሠረታዊውን ነገር መደጋገምን ሊያስተምር ነው። መጀመሪያ እንደለመደው በልምምድ መካከል ስም እየጠራ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማረም ጀመረ። ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ። አንዳንዶቹም ይባስ ተዘጉ። ስለዚያ ዘመን በ2000 ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ በአፓቼዎች ባህል አንድን ሰው ከጓደኞቹ ለይቶ በአደባባይ መውቀስ ከባድ ነገር ነው፤ ለይቶ ማወደስ እንኳ ያሳፍራል። ልጅ የሚማረው ትልቅ ሰው ሲሠራ አይቶ ነው።

በዚህ ጊዜ ታላቁ ሰው ዘዴውን ለወጠ። ጩኸቱን ቀንሶ ራሱ እያደረገ ማሳየት፣ ጎን ጠርቶ ማናገር፣ ቀልድ መቻል፣ ከቤተሰቦቻቸው ጋር መቀመጥ ጀመረ። እነሱ የኳስን መሠረት ሲማሩ እሱ ማዳመጥን ተማረ። ዕድሜ ልኩን ሰዎችን ሲሸሽ የኖረ ሰው ከዓይን አፋር ልጆች ጋር ሲገናኝ የራሱን ልጅነት ያየ ይመስለኛል።

እኔም አንድ ነገር ልናዘዝ። በመምህርነት የመጀመሪያ ዓመቴ አንድ ዝምተኛ ተማሪ የሂሳብ ጥያቄ ሲሳሳት በክፍሉ ሁሉ ፊት ጮህኩበት፤ ልጆቹም ሳቁበት። መልሱን ከዚያ በኋላ አስተካክሎ ጻፈ፤ ዓመቱ እስኪያልቅ ግን አንድ ቀን እንኳ እጁን አላወጣም። እኔም እንደ ከሪም የመጀመሪያ አሰልጣኝ ዘዴዬ የሠራ መስሎኝ ነበር። ከሪም በኋይትሪቨር የደረሰበትን እኔ ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ያ ልጅ አይጎዳም ነበር።

ከኦክላሆማ እስከ ሌከርስ

ከዚያ በኋላ በሮች በጥቂቱ ተከፈቱ። በ2000 በሎስ አንጀለስ ክሊፐርስ ረዳት ሆኖ ማይክል ኦሎዎካንዲ የተባለውን ወጣት የመሐል ተጫዋች እንዲያሠለጥን ተመደበ። ኦሎዎካንዲ ቅርጫት ኳስን የጀመረው ዘግይቶ ሲሆን በ1998 ከሁሉም ቀድሞ የተመረጠ ተጫዋች ነበር። በሁለቱ መካከል ግን የመምህርና የተማሪ መግባባት አልጸናም፤ ሥራውም የታሰበውን ፍሬ አላፈራም። በ2002 ኦክላሆማ ስቶርም የተባለ የአነስተኛ ሊግ ቡድን ዋና አሰልጣኝ ሆኖ በዚያው ዓመት ሻምፒዮን አደረገው። በማግሥቱ ዓመት በኒውዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲን ቡድን ለማሠልጠን ቢያመለክትም አልተሳካለትም።

በ2005 ሌከርስ አንድሩ ባይነም የተባለ የ17 ዓመት ልጅ ሲያስፈርም፣ ልጁን ኮትኩቶ እንዲያሳድግ ከሪምን ጠራው። ገና ከሁለተኛ ደረጃ የወጣው ወጣት ከእግር አጣጣል ጀምሮ ተማረ። ይህ ልጅ አድጎ ሌከርስ በ2009 እና በ2010 ዋንጫ ሲያነሳ የቡድኑ የመሐል ተጫዋች ሆነ። ከሪም በልዩ ረዳት አሰልጣኝነት እስከ 2011 ቆየ። በዚያው መካከል፣ በ2008 መጨረሻ፣ የደም ካንሰር እንደያዘው ተነገረው፤ ሕመሙን በ2009 ለሕዝብ አሳውቆ መድኃኒቱን እየወሰደ ሥራውን ቀጠለ።

የኤን.ቢ.ኤ. ዋና አሰልጣኝ ሳይሆን ቀረ። ስካይ ሁክንም እንደ እሱ አድርጎ የወረሰ ተጫዋች አልተገኘም። ወጣቶች ደንኩንና የሩቅ ውርወራውን መረጡ። 20 ዓመት ተከላካዮችን ያስቸገረው ጥበብ ከባለቤቱ ጋር ተቀመጠ። ዕውቀት ተቀባይ ካላገኘ ምን እንደሚሆን ለማየት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አያሻም። ሆኖም ከሪም ማስተማሩን አልተወም። ባቋቋመው ድርጅት አማካይነት የሎስ አንጀለስ ተማሪዎች ወደ ጫካ ካምፕ እየሄዱ ሳይንስ እንዲማሩ ያደርጋል። በ2016 የአገሩን ከፍተኛ የሲቪል ሜዳሊያ ከፕሬዚዳንት ኦባማ እጅ ተቀብሏል።

ኳሷን ያቀበለበት ምሽት

ፌብሯሪ 7 ቀን 2023 ሌብሮን ጄምስ 38,387 ነጥብን አለፈ። ከሪም በአዳራሹ ተገኝቶ ነበር። ጨዋታው ቆሞ፣ ሕዝቡ እያየ፣ የ75 ዓመቱ አዛውንት ኳሷን ለተተኪው አስረከበ። ብዙ ሰው ያስታወሰው ይህን ሥዕል ነው። እኔ ግን ይበልጥ የነካኝ በነዚያው ቀናት የጻፈው ነገር ነው። ከዚህ ተጫዋች ጋር ቅርበት ያልነበረው በማን ምክንያት እንደሆነ ሲያስረዳ ጥፋቱን ወደ ራሱ ወሰደ፤ እጄን መዘርጋት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ የሚል ነበር መንፈሱ። ዕድሜ ጠግቦ፣ ክብር ጠግቦ፣ ስለ አንድ ያልተዘረጋ እጅ ራሱን የሚወቅስ ሰው ገና ተማሪ ነው።

ውድ ወላጆችና መምህራን! ልጆቻችን የምናውቀውን ሁሉ እንዲወርሱ እንመኛለን። ቁርኣን የሚያቀራ አባት አለ፤ ልጁ ግን ይፈራዋል። ሙያዋን የምታውቅ እናት አለች፤ ልጇ ግን ከጎረቤት መጠየቅን ትመርጣለች። የዕውቀታችን ብዛት ብቻውን ወደ ልጁ ልብ አያሻግረንም። ፊታችን የተፈታ፣ እርማታችን የሚሸፍን እንጂ የማያጋልጥ፣ ጆሯችን የተከፈተ መሆን አለበት።

እናንተም ወጣቶች! በ38 ዓመቱ ስሕተቱን ለመስማት ፊት የተቀመጠውን ሰው አስታውሱ። ፊት ለመቀመጥ ያላፈረ ተጫዋች ነው ኋላ አንድ ዶላር ተቀብሎ ለማስተማር ያላፈረው።

አላህ (ሱ.ወ.) የምናውቀውን በመልካም አደብ የምናስተላልፍ ያድርገን። አሚን።